የጥቅምት ሠላሳ ቀጠሮ

ማሽኑ እምቢ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔም እምቢታውን በአንድ መስመር አጠፋሁበት። ከዚያ በኋላ ለወራት ክፉ ቃል አልወጣውም፤ በየጠዋቱ የጠየቅኩትን ያወጣል፣ ያልጠየቅኩትን አያነሳም። ሰው እንዲህ ዝም ቢለኝ ኖሮ ምን አስቦ ይሆን ብዬ እፈራ ነበር። ማሽን ስለሆነ ግን ገራሁት ብዬ ኮራሁ። አሁን ሳስበው የሚዘገንነኝ ይህ ኩራቴ ነው።

ጭሮ ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ከተማዋን እናትና አባቴ አሰበ ተፈሪ ይሏታል፣ እኔ ጭሮ እላለሁ፣ ሥራ ቦታ ደግሞ እንደ ሰሚው ነው። ካርድ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ጠርዛቸው የተበላ ካርዶች፣ ከፊት ለፊት ሰው እጁን የሚያሾልክባት ትንሽ መስኮት። እዚያ ውስጥ ሁለት ነን። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ፣ የታካሚውን ፊት አይተው ካርዱ ያለበትን ቦታ የሚያውቁ።

ሽማግሌው የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ቀጠሮ ያለውን ሰው ካርድ ከቆሙት ካርዶች መሀል በጎኑ ያስተኙታል። ሰውዬው መጥቶ ሲሄድ መልሰው ያቆሙታል። ጠዋት ሲገቡ ገና ከበሩ ላይ ሆነው መደርደሪያውን ቃኘት አድርገው «ሦስት ሰው ተኝቷል» ይላሉ፤ ሦስት ሰው በቀጠሮው አልመጣም ማለታቸው ነው። እኔ በዚህ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ድመት ገብታ ብታተራምሰው ያገሩ ሰው ሁሉ ሊተኛ ነው እላቸዋለሁ። እሳቸውም «ድመቷ ካንቺ ትሻላለች፣ ካርድ አትጥልም» ይሉኛል።

መማር የጀመርኩት ከብሽቀት ነው። ኮምፒውተሩ ለአንድ ፕሮጀክት ተብሎ መጥቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ነበር። ደብዳቤ የሚጻፍበት በስንት ጊዜ አንዴ ነው። በዚያ ሰሞን ቤተክርስቲያን አብራኝ የምትዘምር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመጣ አንድ ፎቶኮፒ መጽሐፍ ሰጠችኝ፤ ፒኤችፒ ስለሚሉት የኮምፒውተር ማዘዣ ቋንቋና መረጃ ስለሚከማችበት ዳታቤዝ የሚያስተምር። «እኔ አልገባኝም፣ አንቺ ከገባሽ ያንቺ ይሁን» አለችኝ። ነገሩ ቆሽቴን አሳረረው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያልገባት ነገር ለእኔ ለአሥረኛ ክፍሏ ይገባል ብላ አልነበረም የሰጠችኝ። ስለዚህ እንዲገባኝ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ትምህርት አሬይ ስለሚሉት ነው። ለብዙ ነገር አንድ ስም ሰጥቶ በተራ መደርደሪያ ማለት ነው። መጽሐፉ በፍራፍሬ ስም ነበር የሚያስረዳው፤ እኔ ግን ፖሙንና ሙዙን ትቼ የራሴን መደርደሪያ ነው ያየሁት። በላዩ ያሉት ካርዶች በቁጥር ይጠራሉ፣ ቁጥሩም ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ለሽማግሌው ብነግራቸው እጃቸው ላይ ያለውን ካርድ እንደያዙ አዩኝ። «ዜሮ ቁጥር? ዜሮ ማለት እኮ እዚያ ቦታ ማንም የለም ማለት ነው» አሉ። አለ እንጂ ጋሼ፣ እንዲያውም የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም።

ቀጥሎ ቁልፍ ያለው አሬይ መጣ፤ በተራ ቁጥር ሳይሆን እኔ በሰጠሁት ቁልፍ የሚገኝ። የካርድ ቁጥሩን ቁልፍ አደረግኩት። አሬይ በአሬይ ውስጥ ማስቀመጥ እንደሚቻል ሳውቅ ደግሞ አንድ የካርድ ቁጥር ስጠራ ሰውዬው ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ስልኩንና ቀጠሮውን ይዞ ይመጣ ጀመር። ሉፕ የሚሉትን ከተማርኩ በኋላ ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠራ እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ማዘዝ ቻልኩ። መብራት ሲጠፋ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ሲመጣ ወደ ማሽኑ እገለብጣለሁ። ያልገባኝን መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ እፈልጋለሁ፤ ጎኔ የተቀመጡት ጎረምሶች ኳስ ሲያዩ እኔ የጎደለች አንዲት ቅንፍ ፍለጋ ዓይኔ ይፈስሳል።

አሬይ ግን አንድ ክፉ ነገር አለበት። ስክሪፕቱ፣ ማለትም የጻፍኩት የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሠርቶ ሲያልቅ የተቀመጠበት ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ዳታቤዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስክሪፕቱ ከዳታቤዙ ጋር ይገናኛል፣ ጥያቄ ይልካል፣ መልሱን ረድፍ በረድፍ ይቀበላል፤ እያንዳንዱም ረድፍ ያው የማውቀው አሬይ ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ከዳታቤዙ አውጥቼ ስክሪኑ ላይ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ምሳ ላይ ስለነበሩ አላዩኝም።

ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀመጥበት አስቀድሞ ይጠይቃል። ስም ነው? ቁጥር ነው? ቀን ነው? ለቀጠሮው «ቀን» የሚለውን መረጥኩ። መጽሐፉ ቀን የሚጻፈው መጀመሪያ ዓመቱ፣ ከዚያ የወሩ ቁጥር፣ ከዚያ ቀኑ ነው ይላል። እኔም እንደዚያው የእኛን አስገባሁ። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት፣ ኅዳር ሦስት። ሌላ ምን ላስገባ? ሐኪሙ የሚጽፈው እሱን ነው፣ ታካሚው የሚያውቀው እሱን ነው። የትናንቱ፣ የዛሬውና የነገው ቀን ስንት እንደሆነም በየጠዋቱ እኔው እጽፍለታለሁ፤ እሱ ደግሞ የነገ ባለቀጠሮዎችንና ትናንት የቀሩትን ያወጣልኛል። በኅዳር ቀን ሞከርኩት፣ በታኅሣሥ ቀን ሞከርኩት፣ ሠራ። በጥቅምት ቀን አልሞከርኩትም።

ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ የተጠጋችኝ የሳንባ ነቀርሳ ክፍሏ ሲስተር ናት። መድኃኒቱ ስድስት ወር ይወሰዳል። መሀል ላይ የተወው ሰው በሽታው ይመለስበታል፣ ሲመለስም መድኃኒቱን ለምዶት ስለሚመለስ ያ መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይነካውም። ሲስተር ይህን ለታካሚ ስትናገር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የምትፈራው ነገር ነበር። «ነይ የእኔን ሰዎች አስገቢልኝ። የሚጠፋብኝ ሰው እንዳይኖር» አለችኝ።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በየሃያ ስምንት ቀኑ ነው። ከላይ የሚላክበት ቀን ግን አንዳንዴ ያዛንፋል፤ ያን ጊዜ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶ፣ ከሂርና የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በቀጠሮው ዋዜማ ከማሽኑ ስም ዝርዝር እናወጣለን፣ መድኃኒቱ መኖሩን አይተን እንደውላለን፣ ያልተደወለለት ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ሲስተር ሐሳቡን ወደደችው። ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ እንደሚሆን ለሁሉም አስቀድሞ ተነገራቸው።

ከእነዚያ ሰዎች መሀል አንዲት የሂርና ሴት ነበረች። መንገድ ዳር ሚኒባስ ሲቆም በመስኮት በኩል የተቀቀለ ድንች በዳጣ የምትሸጥ። ጭሮ ድረስ የምትመጣው ሂርና መድኃኒቱን አጥታ አይደለም፤ በሽታው እንዳለባት ከታወቀ ድንቿን የሚበላላት ሰው የለም። ለጎረቤቶቿ ዘመድ ልጠይቅ ነው የምሄደው ትላቸዋለች። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ ብዙ አይርቅም። ማንበብ አትችልም። ቀኑን የምትቆጥረው በራሷ መንገድ ነው፤ መድኃኒቷን በዋጠች ቁጥር ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው አንድ የበቆሎ ፍሬ ታዘዋውራለች። ሃያ ስምንቱ ፍሬ ሲያልቅ ሚኒባስ ትይዛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

«ከእንግዲህ በቆሎ መቁጠር የለም፣ ማሽኑ ይቆጥርልሻል። ሳንደውል እንዳትመጪ፣ በከንቱ ትንከራተቻለሽ» አልኳት በኦሮምኛ።

ሳቀች። «ካልደወላችሁስ?»

«ካልደወልን ቀንሽ አልደረሰም ማለት ነው።»

ስልኳን ከደረቷ አወጣች። ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ስልክ ነው። ቁጥሩን እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «ናፍ ቢልቢሊ እንግዲህ» አለችኝ፤ ደውይልኝ ማለቷ ነው። አፌን ሞልቼ እሺ አልኳት።

ማሽኑ እምቢ ያለው የዞን ሰዎች ሥራውን ሊያዩ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ሽማግሌው ከወረቀቱ መዝገብ እያነበቡልኝ ስናስገባ አንድ ስም ላይ ቆመ፣ ቀይ ጽሑፍ አወጣ፤ ያስገባሽው ቀን ቀን አይደለም አለ። እውነቱን ነው፤ መዝገቡ ላይ የዚያ ሰው ቀጠሮ ባዶ ነበር። ከሱ በታችም የተሰረዙና የማይነበቡ ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ እየቆመ ቀይ ይጽፍብኛል። እንግዶቹ ፊት እንዲህ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። እዚያ አንድ የማላውቀው ሰው የጻፈው ምክር አገኘሁ፤ ዳታቤዙ ጥብቅ መሆኑን እንዲተው የምታደርግ አንዲት መስመር ናት። ተመልሼ ጻፍኳት። ከዚያ በኋላ የሰጠሁትን ሁሉ ዋጠ።

«ምን አደረግሽው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«እንዳያጉረመርም አደረግኩት።»

«እኔ የማያጉረመርም ነገር አልወድም። ሚስቴም ዝም ያለች ለት ነው የምፈራው» አሉና ማንበባቸውን ቀጠሉ።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ተደነቁ። አንደኛው የታካሚ ቁጥር ጠራ፣ ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። አለቃችን በዚያው ሳምንት ሽማግሌውን ጠርቶ ካርድ ማስተኛቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም አላቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ሁሉንም አቆሟቸው። መደርደሪያው አማረ። ጠዋት ስንገባ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ቃኘት ያደርጉና የሚሉት ያጣሉ።

የሂርናዋ ሴት በመስከረም ተደውሎላት መጣች። በጥቅምት ሁለትም ተደውሎላት መጣች። ሳሏ ቀንሷል፣ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ እንዲያውም በላስቲክ ቋጥራ ድንች አመጣችልኝ። ሦስት ወሯን ጨርሳ ሦስት ይቀራታል። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ጥቅምት ሠላሳ ሆነ። እኔው ራሴ አስገባሁት። ማሽኑ ተቀበለኝ፣ ቀይም አልጻፈ።

ጥቅምት ሃያ ስምንት ጠዋት የነገዎቹን ጠየቅኩት። ነጭ ገጽ መጣ፤ ማንም የለም። በማግስቱም ጠየቅኩት፤ አሁንም ነጭ። ሁለት ቀን ሙሉ ባለቀጠሮ ጠፍቶ አያውቅም።  ለሲስተር ብነግራት «እንዲህ ያለ ቀን ከተገኘማ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋውኔን አጥብበታለሁ» አለች። በሠላሳ ቀን አንድ የገለምሶ ሰውዬ ሳይደወልለት በራሱ መጥቶ መድኃኒቱን ወሰደ። ለምን ሳንደውልልህ መጣህ ብዬ ተቆጣሁት። ለምን አልደወልንለትም ብዬ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ኅዳር አንድ ቀን ትናንት የቀሩትን ጠየቅኩ። ማንም አልቀረም። ኅዳር ሁለት ላይ ስሞቹ እንደ ወትሮው መምጣት ጀመሩና ነገሩን ረሳሁት። በዚያ ሩብ ዓመት ከሲስተር ክፍል አንድም ሰው አልጠፋም ተብሎ ሪፖርት ሆነ። የምስጋና ደብዳቤ መጥቶ በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

የካቲት ላይ ይመስለኛል፣ ሽማግሌው የሌላ ሰው ካርድ ፍለጋ መሰላሉ ላይ ወጥተው ሳሉ አንዱን ካርድ አወጡና አቧራውን እፍ አሉት። «ይቺ የሂርናዋ ልጅ ናት። ካወረድኳት ቆየሁ፤ ምን ሆና ነው?» አሉ።

ማሽኑን የቀሩትን ሰዎች ጠየቅኩት። እሷ የለችም። «ቀርታለች አይልም» አልኳቸው።

«እኔ እሱን አልጠየቅኩም፣ አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

ደሜ ፈላ። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ ቦታቸውን የወሰድኩባቸው መስሏቸው ነው የሚነካኩኝ ብዬ አሰብኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ሥራዬን ልሥራበት» አልኩ፣ ሰው በሚሰማበት ድምፅ።  ካርዷን ሲመልሱ በጎኗ አስተኟት። የካርድ ቁጥሯን ብጽፍ በአንድ ደቂቃ ሁሉንም አይ ነበር። አልጻፍኩም። ሽማግሌው ለምሳ እስኪወጡ ጠብቄ መሰላሉ ላይ ወጣሁና ካርዷን መልሼ አቆምኳት።

ግንቦት ውስጥ መጣች። መጀመሪያ የሰማሁት ሳሏን ነው። አንገቷ ቀጥኖ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ በመስኮቷ እጇን ስታሾልክ አላወቅኳትም፤ ያወቅኩት ስልኩን የያዘውን ላስቲክ ነው። ሲስተር ተቀበለቻት፣ እኔም ካርዷን ይዤ ተከትዬ ገባሁ። ሲስተር ተቆጣች። ለምን አቋረጥሽ፣ ስንቴ ነገርኩሽ አለቻት።

«አላቋረጥኩም» አለች ሴትዮዋ፣ በየመሀሉ እያሳላት። «መድኃኒቱ ሲያልቅ ስልኬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። አልደወላችሁልኝም። ሳሉም ትቶኝ ነበር። እንግዲያው ድነሻል ማለታቸው ነው ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ዱዓም አስደረግኩ።»

«ሲመለስብሽስ?»

«ሳንደውል አትምጪ ብላችሁኛል። ይደውሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።»

ይህን ያለችው እኔን እያየች ነው። በዓይኗ ወቀሳ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ወጣሁና ካርድ ክፍል ገባሁ። ቁጥሯን ጻፍኩ። ስሟ መጣ፣ ቀበሌዋ መጣ፣ ስልኳ መጣ። በቀጠሮዋ ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ያን ያህል ጊዜ ተደብቆ የኖረው ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ያሳብዳል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። በእሱ ዘንድ ሁለተኛው ወር፣ በአራት ዓመት አንዴ ካልሆነ በቀር፣ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ አለው። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው፣ ጥቅምት ደግሞ ሠላሳ አለው። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ብዬ ስሰጠው እንዲህ ያለ ቀን የለም ማለት ነበረበት፤ ይል ነበርም። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት። መናገር ስለተከለከለ ቀኑን ወደ ዜሮ ለወጠና ተቀመጠ። ዜሮ ቀን ደግሞ መቼም ነገ አይሆንም፣ ትናንትም አይሆንም። ጳጉሜ ሲመጣ ቀኖቹ ሁሉ እንዲሁ ሊዋጡ ነበር፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አያውቅም።

ዜሮ ያለባቸውን ሁሉ አውጣ አልኩት። ከሁለት እጆቼ ጣቶች ይበልጡ ነበር። ስልኩን ይዤ በተራ ደወልኩ። ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ ብቅ ብለው መድኃኒቱን የወሰዱ ናቸው። ሁለቱ መድኃኒቱን ከሌላ ጤና ተቋም ቀጥለዋል። የአንደኛው፣ የሚኤሶው ሰው ስልክ ሲነሳ የሴት ድምፅ ነው። ማንን ፈለግሽ አለችኝ። ስሙን ጠራሁ። እንደዋዛ «ቀብረነው መንፈቅ ሊሆነው ነው» አለች። በምን እንደሞተ አልጠየቅኩም። ስልኩን ዘጋሁት።

ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ፣ ከዚያ በሩን ዘጋች። «ማን ያውቃል ይሄን?»

«እኔና አንቺ።»

«ሪፖርቱ ሄዷል። ደብዳቤው ግድግዳ ላይ ነው ያለው።» የሴትዮዋን ካርድ ወደ እኔ ገፋችው። «ራሷ አቋረጠች ብለሽ ጻፊ።»

ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ልጆች አሏት፣ እንጀራዋ ነው። እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም እል ነበር። ጻፍኩት። በገዛ እጄ፣ በጥሩ ጽሑፍ፤ ታካሚዋ በራሷ ፈቃድ መድኃኒቱን አቋርጣለች።

የአክታዋ ውጤት ሲመጣ የተፈራው ሆነ፤ የቀድሞው መድኃኒት አይነካውም። ራቅ ወዳለ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተጻፈላት፤ እዚያ ለወራት በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ሲስተር መርፌው የአንዳንዱን ሰው ጆሮ እንደሚወስድ ነገረችኝ። ልትሄድ ስትል መስኮቴ ጋ መጥታ ተሰናበተችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ ሚኒባሱ እየጠራ ነው። በደህና ግቢ አልኳት።

በየሳምንቱ እደውልላት ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የምደውለው። እሷ ስለ መርፌው ታወራለች፣ እንቅልፍ እንደነሳት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ስላገኘቻት የሐረር ሴት። እኔም አይዞሽ እላታለሁና እዘጋዋለሁ። በሁለተኛው ወር ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ነገር አለ አለችኝ። ከዚያ «ጮክ በይ» ማለት ጀመረች። ኔትወርኩ ነው አልኳት። ቀጥሎ ሃሎ ሃሎ ብቻ ትላለች፤ እኔ ስጮህ እሷ ሃሎ ትላለች። በመጨረሻ ስልኩ ይጠራል ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ስም ሳልጠራ ተናዘዝኩ። አብረውኝ የሚጸልዩት ሴቶች እጃቸውን ጭነውብኝ አለቀሱ፣ ጌታ ይቅር ብሎሻል አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ስገባ ግን ካርዱ እዚያው ነው፣ የጻፍኩትም እዚያው ነው። ዳታቤዙን አስተካክያለሁ፣ ጥብቅነቱንም መልሼለታለሁ፤ አሁን በትንሹም በትልቁም ይቆጣኛል። ሽማግሌው ስለ ጉዳዩ ጠይቀውኝ አያውቁም። ያወቁ ይመስለኛል።

ከዓመት በላይ ቆይታ መጣች። ድናለች፤ አክታዋ ንጹሕ ነው፣ ለክትትል እናንተ ጋ ትመላለስ የሚል ወረቀት ይዛለች። አብራት ታናሽ እህቷ አለች፣ ትዳር ይዛ የወለደች ሴት ናት፣ ድንቹን አሁን የምትሸጠው እሷ ነች። እህትየዋ ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ ጋ ተሰለፈች። ሴትዮዋ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። በሩን ከፍቼ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዛሬ ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም አልኩ።

በኦሮምኛ ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ። ያልደወልኩልሽ እኔ ነኝ፤ ቀንሽን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አላቋረጥሽም፣ አቋረጠች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከንፈሬን ታያለች፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። እንባዬ ሲወርድ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ለእሷ ብዬ የማለቅስ መስሏታል። አንዲት ቃል አልሰማችም። ልጽፍላት አልችልም፣ ማንበብ አታውቅም።

እህትየዋ ወረቀቱን አስመትታ ስትመለስ ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞረች። «ማል ጄቴ?» አለቻት፤ ምን አለች ማለቷ ነው። እህትየዋ አየችኝ፣ ሰልፉም ያየኛል፣ በመስኮቷ በኩል ሽማግሌው ብዕራቸውን ይዘው ያዩኛል።

«ምን ብለሻት ነው? ልንገራት» አለችኝ እህትየዋ።

«የሚቀጥለው ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ነው» አልኩ።

እህትየዋ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን በጣቶቿ ነገረቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ሁለቱን እጆቼን ያዘችና ትመርቀኝ ጀመር፤ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ሥራሽን ይባርክልሽ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን አለች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ በጣም ጮክ ብላ ነበር። ሰልፉ ሁሉ ሰማና አሚን አለ። እኔም አሜን አልኩ።